ቡናውን ከሰል ላይ ጥጄ ስኳር ልገዛ ወጣሁ (ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ያለባችሁ አዋቂዎች፣ መርሳቱን እንዴት ቻላችሁት?)

ቀልብ_የለሽ፦ ቅዳሜ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ቤቴን ከማቃጠል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አማቴ ከሊሙ መጥተዋል፣ የራሳቸውን ጓሮ ቡና ይዘው። ለቅሶ ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ላፈላላቸው ብዬ አጠብኩ፣ ብረት ምጣዱን ከሰሉ ላይ ጣድኩ፣ ማማሰል ጀመርኩ። ፍሬው ቢጫ እየሆነ ያ የእርጥብ ሣር ሽታው ሲለቅ ስኳር እንደሌለ ትዝ አለኝ። እሳቸው ግድ የላቸውም፣ እኔና ባለቤቴ ግን ያለ ስኳር አንጠጣም። ሱቁ ከበራችን ሃያ እርምጃ አይሞላም። ወጣሁ። ባለሱቁ መብራት ሄዶ እንደመጣ ሲያወራኝ የቆጣሪያችን ካርድ ሊያልቅ እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ ካርድ ልሞላ ስልኬን ስከፍት የእቁባችን ሰብሳቢ ሁለቴ ደውላልኛለች፤ መልሼ ደወልኩ፤ እያወራሁ፣ ልብ በሉ በእግሬ፣ አዌቱ ድልድይ ደረስኩ። ስኳር የለ፣ ካርድ የለ። ድልድዩ ጋ ከአንድ ግቢ የሚቆላ ቡና ሽታ መጣ። "ታድለው!" ብዬ አለፍኩ። ሦስት አራት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።

በሩጫ ስደርስ ጎረቤቴ ጭሱን አይታ ገብታ ምጣዱን አውርዳዋለች። ፍሬው ከሰል ሆኗል። ከእውነተኛው ከሰል የሚለየው መሐሉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ብቻ ናት። አማቴ ሲመጡ ቤቱን አሸተቱ፣ ምጣዱን አዩ፣ ነጠላቸውን አጥፈው ተቀመጡ። "ልብሽን የት ነው የምትጥይው ልጄ?" አሉኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

34 ዓመቴ ነው። ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ የታወቀው አምና ነው፣ ያውም በልጄ ሰበብ። ከትምህርት ቤት "ልጁ ቀልብ የለውም" እየተባለ ስጠራ ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ስለ ልጁ ይጠይቃል፣ እኔ በየጥያቄው "እኔም እንደዚያ ነበርኩ" እላለሁ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ስሙን ማወቄ አስለቀሰኝ፣ አልዋሽም። ዕድሜ ልኬን "ዝንጉ"፣ "ግድየለሽ"፣ "ልበ ቢስ" ስባል ኖሬ። ግን ስም ቁልፍ ፈልጎ አያመጣም። ስለዚህ ንገሩኝ፣ እንዴት ነው የምትኖሩት? "ማስታወሻ ያዢ" እንዳትሉኝ ብቻ። አምስት ደብተር አለኝ። አምስቱም የት እንዳሉ አላውቅም።


የኪቶ_ልጅ፦ ቅዳሜ ማታ 2:31

አምስቱ ደብተር ላይ ሳቅኩ፣ ይቅርታ እህቴ። ቡናው ግን አሳዘነኝ።

እኔ ተማሪ ነኝ፣ 4ኛ ዓመት። የኔ ጠላት አላርም ነው። ሁሉም ሰው "አላርም ሙላ" ይላል። እሺ ሞላሁ። ባለፈው ፈተና ጠዋት 3 ሰዓት ነበርና 2 ሰዓት ላይ ልነሳ ብዬ 2:00 ብዬ ሞላሁ። ስልኩ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ዶርም ውስጥ ያለው ሁሉ ተነስቶ ሰደበኝ፣ እኔ አጠፋሁትና ተኛሁ፣ ጠዋት ደግሞ የሚጮኽ የለ። ይኼ የሁለት ሰዓት አቆጣጠር ነገር ለጤነኛውም ጣጣ ነው፣ ለኛማ አታንሱት።

በትክክል ስሞላውም ሌላ ችግር አለ። ሲጮኽ እጄ ያጠፋዋል። እኔ አይደለሁም ያጠፋሁት፣ እጄ ነው። አሁን የማደርገው ስልኩን በር አጠገብ ያለው ጫማዬ ውስጥ ከትቼ መተኛት ነው። ለማጥፋት መነሳት አለብኝ፣ ከተነሳሁ ጫማው እጄ ላይ ነው። ካልሲ ይሸታል ወይ ካላችሁ አዎ ይሸታል።

ሌላው፣ ብቻዬን ካነበብኩ አንድ ገጽ አይገፋም። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ የራሱን ሲያነብ ግን እኔም አነባለሁ። አያስረዳኝም፣ አያወራኝም፣ መቀመጡ ብቻ ይበቃል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሻይ እከፍልለታለሁ።


የድሮው_ጅማ፦ ቅዳሜ ማታ 3:05

ልጆች አትቆጡኝ። 58 ዓመቴ ነው። በኛ ጊዜ ይኼ በሽታ የት ነበር? መርሳት የሰው ልጅ ነው። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤት ሙሉ ስፈልገው እውላለሁ፣ ታዲያ በሽተኛ ነኝ? ዘንድሮ ለሁሉም ነገር ስም ወጣለት። የአሁን ልጅ ቀን ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ከሰዓት በርጫ ይቀመጣል፣ ሌሊቱን በምርቃና ጣሪያ ሲያይ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ "ቀልቤ ተበተነ" ይላል። ማን በተነው? ጫቱን ተዉና ተኙ። እዚህ ጅማ የሚያስፈልገው መድኃኒት እንቅልፍ ነው።

ቡናው ያርራል። የኔም ሚስት ታሳርራለች።


ሲስተር_ጅሬን፦ ቅዳሜ ማታ 3:48

ጋሼ፣ ግማሹን እውነት ብለዋል፣ ግማሹን ግን ልከራከርዎ ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እዚህ ማንንም አልመረምርም፣ በጽሑፍ አይሆንምም። ግን "በኛ ጊዜ የት ነበር" ላሉት፣ ጆርጅ ስቲል የሚባል የሕፃናት ሐኪም ለንደን ላይ ስለ እንደዚህ ዓይነት ልጆች ንግግር ያደረገው በፈረንጅ 1902 ነው። አባ ጅፋር ጅሬን ላይ እየገዙ ማለት ነው። የዛሬውን ስም የሚመስል ስም የወጣለት በ1980 ነው፣ በ1987 ደግሞ ተሻሻለ። ስሙ አዲስ ነው እንጂ ሰዎቹ ድሮም ነበሩ። ድሮ ይገረፉ ነበር።

ሁሉም ሰው ይረሳል ላሉት ደግሞ፣ አዎ። ለዚህ ነው "ስንቴ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ያህል ኑሮ አበላሸ?" የሚባለው። በፈረንጅ 2013 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመዘኛ ለአዋቂ ከዘጠኙ የትኩረት ማጣት ምልክቶች ቢያንስ አምስቱን ይፈልጋል (የመቅበጥበጡ ወገን የራሱ ዘጠኝ አለው፣ ከሱ አምስት መሙላትም ይበቃል)። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የነበሩ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ ቤትም ሥራ ቦታም የሚታዩ፣ ኑሮን ያደናቀፉ መሆን አለባቸው። ስለዚህ በልጅነቱ ደህና የነበረ ሰው አምና መርሳት ቢጀምር መጀመሪያ ሌላ ነገር ነው የሚፈለገው። እንቅልፍ ማጣት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ ሁሉም ቀልብ ይበትናሉ። የርስዎ መነጽር አያሳስበኝም ጋሼ። የሚያውቁት መንገድ ከጠፋብዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ወደ ቀልብ_የለሽ ልምጣ። ያንቺ የማስታወስ ችሎታ የተበላሸ አይመስለኝም። ምጣዱን፣ ሽታውን፣ ባለሱቁ ያለውን ሁሉ ቁልጭ አድርገሽ ጻፍሽው አይደል? አእምሮ ነገር ለጊዜው ይዞ የሚሠራበት ቦታ አለው፣ እንደ ረከቦት አስቢው። የሌላው ሰው ረከቦት ስድስት ስኒ ከያዘ ያንቺ ሦስት ነው። ምጣዱ አንድ፣ ስኳሩ ሁለት፣ ቆጣሪው ሦስት። የእቁቡ ስልክ ሲመጣ ከጠርዝ ላይ ያለችው ወደቀች። የወደቀችው ምጣዱ ነበረች፣ በቃ። ግድ ስላልሰጠሽ አይደለም።


ባለ_ባጃጅ_47፦ እሁድ ጠዋት 1:20

እኔ እንኳን ሐኪም አላየኝም፣ ስለዚህ አለብኝ አልልም። ግን ይኼን ለማንም ጽፌው አላውቅም፣ እዚህ ልጻፈው።

አምስት ሕፃናት ጠዋትና ከሰዓት በኮንትራት አመላልሳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ አንድ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገድ ዘግቷል፣ ጥሩምባ በጥሩምባ ነው። ልጆቹን ጫንኩ፣ በየቤታቸው አወረድኩ፣ የመጨረሻውን ሳወርድ "ተመስገን አለቀ" ብዬ ወደ አጂፕ ተሳፋሪ ፍለጋ ሄድኩ። አራት ነው ያወረድኩት። አምስተኛዋ ዘበኛው ጋ ቀርታለች። እናቷ ደውላ "የት ደረሳችሁ?" አለችኝ። "ደረሳችሁ" ነው ያለችው፣ ልጄ አብራህ ናት ብላ። ኋላ መቀመጫውን ዞሬ አየሁት። ባዶ ነው፣ የአንድ ሰው ጥላ ብቻ አለ።

ልጅቷ ደህና ነበረች፣ ዘበኛው ካፖርቱን አልብሷት ቆሎ ትበላለች። እኔ ነኝ ደህና ያልነበርኩት። እናቷ ለአንድ ወር ወሰደችብኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ አምስት የልብስ መቆንጠጫ ገዛሁ። ከመስታወቱ በላይ ባለው ብረት ላይ በግራ በኩል ይደረደራሉ። ልጅ ሲገባ አንዱን ወደ ቀኝ አሻግራለሁ። አምስቱም ቀኝ ካልሆኑ ሞተር አላስነሳም። ሲወርዱ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ግራ። ልጆቹ ጨዋታ አደረጉት፣ ቀለም ተከፋፈሉ፣ አሁን ራሳቸው ናቸው የሚያሻግሩት፣ እኔ ብረሳ ይጮኹብኛል። ቀይዋ የሷ ናት። የተመለሰች ጊዜ መጀመሪያ የመረጠችው እሷ ነበረች።

ጭንቅላቴን አላምነውም። መቆንጠጫውን ግን አምነዋለሁ።

ደግሞ ስለ ጥላ ካነሳን፣ እባካችሁ ሒሳብ ስትከፍሉ ዞር ብላችሁ መቀመጫውን እዩ። ክረምት ላይ በሳምንት ሦስት አራት ጥላ ይቀርልኛል። ሱቅ ልከፍት ነው።


ኡሙ_ሰዒድ፦ እሁድ ጠዋት 2:02

ባለ ባጃጁ አስለቀስከኝ ወላሂ። አላህ ይጠብቃቸው።

እኔ ከአዛን ጋር ነው የማስረው ሁሉንም። አላርም አይሠራልኝም፣ አዛን ግን ከሦስት አቅጣጫ ነው የሚመጣው፣ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። የደም ግፊት ክኒኔን ከሱብሂ ጋር፣ ውኃ ማጠራቀሙን ከአስር ጋር፣ በር መቆለፉንና ሲሊንደር መዝጋቱን ከዒሻ ጋር። የቆጣሪ ካርድ ጁምዓ ነው፣ አለቀም አላለቀም ጁምዓ ይሞላል። አዲስ ሥራ ሲመጣ "መቼ?" አልልም፣ "ከየትኛው ሶላት በኋላ?" ነው የምለው። "በኋላ" የሚባል ሰዓት የለም እኔ ቤት፣ በኋላ ካልኩ ጠፋ።

ክኒኑን የማስቀምጠው ደግሞ ከመስገጃዬ ሥር ነው። መሳቢያ ውስጥ ሳስቀምጠው ወር ሙሉ አላየሁትም ነበር። ያላየሁት ነገር ለኔ የለም።


ቀልብ_የለሽ፦ እሁድ ከሰዓት 9:15

ሲስተር፣ ረከቦቷን ለአማቴ ነገርኳቸው። "ታዲያ ስኒ አታብዢ" አሉ። ይኼው ነው።

ኡሙ ሰዒድ "ያላየሁት ነገር ለኔ የለም" ያልሽው እኔ ነኝ ራሴ። ፍሪጅ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ የገባ ጎመን ከኔ ቤት በሕይወት ወጥቶ አያውቅም።

የኪቶ ልጅ ስለ ሰዓት ስታነሳ የቀጠሮዬ ነገር ትዝ አለኝ። የቀጠሮ ካርዴ ላይ "በ15" ተብሎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ቀን አልረሳሁም፣ ጥቅምት 15 ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ። ለካ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ኦክቶበር 15 ማለት ደግሞ ጥቅምት 5 ነው፣ አሥር ቀን አልፎታል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ "ቀጠሮ ማክበር ጥሩ ነው እህት" አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። ለትኩረት ማጣት ልታይ ሄጄ ቀን አሳልፌ፣ የምስክር ወረቀት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። አሁን ማንም ቀን ሲነግረኝ "የሳምንቱ ምን ቀን ነው?" እላለሁ። ማክሰኞ በሁለቱም ማክሰኞ ነው።

መርሳት ስንት ብር እንደሚያስከፍል አስባችሁ ታውቃላችሁ? የእድር ቅጣት፣ የኪራይ ቅጣት፣ ሁለቴ የተገዛ ዘይት፣ ማሽን የዋጠው ኤቲኤም ካርድ፣ የጥላ እንኳ አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜ ልደምር ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት።


ባል_ነኝ_እኔ፦ እሁድ ማታ 1:40

የተለየ ነገር ልናገር ነው፣ ብትሰድቡኝም ችግር የለም።

ያለባት ሚስቴ ናት። ሁላችሁም የረሳው ሰው እንዴት እንደሚያዝን ትጽፋላችሁ። የተረሳውስ? በሰርጋችን ቀን ማን ምን እንደለበሰ ከነቀለሙ ታስታውሳለች፣ የልጃችንን የክትባት ቀን ግን ሁለቴ ረስታዋለች። የምነግራትን ዓይን ዓይኔን እያየች "እሺ" ትላለች፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ "መቼ ነገርከኝ?" ትለኛለች። የምትረሳው ሁሉ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ዕቁቡ እኔ፣ ኪራዩ እኔ፣ ክትባቱ እኔ፣ ለእናቷ የምትደውልበትን ቀን የማስታውሰው እንኳ እኔ። ሐኪም "አይዞህ፣ ግድ ሳይሰጣት ቀርቶ አይደለም" አለኝ። አመንኩ። ግን ደከመኝ። ይኼን ማለት ነውር ነው?


ልብስ_ሰፊ_መርካቶ፦ እሁድ ማታ 2:12

ነውር አይደለም ወንድሜ። ሚስቴም እንዳንተ የምትጽፍበት ቦታ ብታገኝ ትጽፍ ነበር፣ እኔ ነኝ የምረሳው።

እኛን የጠቀመንን ልንገርህ። ሥራ ተከፋፈልን፣ ግን እኩል አይደለም፣ በዓይነቱ ነው። ቀን ያለው ነገር ሁሉ የሷ ነው፦ ክትባት፣ ኪራይ፣ ቀጠሮ። ቀን የሌለው፣ ዓይን የሚያየው ነገር የኔ ነው፦ ዕቃ ማጠብ፣ ልብስ፣ ውኃ መቅዳት፣ የተሰበረ መጠገን። የቆሸሸ ሰሃን ራሱ ይጠራኛል፣ ማስታወስ አያስፈልገኝም። እሷ ሰሃን አጥባ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። ፍትሐዊ ነው ብላለች፣ ጠይቃት ካላመንክ።

ሥራ ላይም እንደዚያው ነው። የልኬት ደብተር ነበረኝ፣ የሰው ሱሪ ለሌላ ሰው ልክ ቆርጬ አውቃለሁ፣ ከፍያለሁም። አሁን ልኬቱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ጨርቁ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዘዋለሁ። ወረቀቱ ከጨርቁ አይለይም። ሰው "ለሐሙስ ይደርሳል?" ሲለኝ ደግሞ አፌ "አዎ" ከማለቱ በፊት ምላሴን እነክሳለሁ፣ ዞር ብዬ የተሰቀለውን እቆጥራለሁ። አዎ ማለት በሽታዬ ነው እንጂ መርሳቱስ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ግን፣ ስታስታውሳት በሰው ፊት አታስታውሳት። ሰው ፊት "ረሳሽ አይደል?" የተባልኩ ቀን ያንኑ ቀን ሌላ ሦስት ነገር እረሳለሁ።


ሲስተር_ጅሬን፦ እሁድ ማታ 3:30

ልብስ ሰፊው ተመራማሪ ነው። ራስል ባርክሌይ የሚባል አሜሪካዊ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ላይ የሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። ችግሩ ማድረግ ያለብንን አለማወቅ አይደለም፣ የምናውቀውን በሰዓቱና በቦታው ማድረግ ነው የሚያቅተን ይላል። ስለዚህ ምልክቱ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ላይ ይቀመጥ ነው ነገሩ። ጨርቁ ላይ፣ መስገጃው ሥር፣ ባጃጁ ብረት ላይ። ደብተር መሳቢያ ውስጥ ምንም አይሠራም።

ኡሙ ሰዒድ የምታደርገውም የተጠና ነገር ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው በደንብ ያጠናው፣ በፈረንጅ 1999 ጽፎበታል። "ክኒኔን እውጣለሁ" ከማለት "ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ ክኒኔን እውጣለሁ" ማለት እጅግ ይሻላል። "ይኼ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ ማሰር።

ባል_ነኝ_እኔ፣ ስለ ሰርጉና ስለ ክትባቱ። ሰርጉ ላይ ልቧ ሙሉ እዚያ ነበር፣ ስለዚህ ገባ። የክትባቱን ቀን ስትነግራት ዓይኗ አንተ ላይ ነው፣ ቀልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ያልገባ ነገር ደግሞ አይወጣም። ስትነግራት እጇ ባዶ ይሁን፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ራሷ ደግማ ትንገርህ። ድካምህ ግን እውነት ነው። ሐኪሟም ይኼን ያህል ተሸክመህ እንደሆነ ይወቅ፣ አብረህ ግባ።

ስለ ጫት ደግሞ፣ ጋሼ ያሉት ያልተመለሰ ስለሆነ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል፣ አምፌታሚን ደግሞ ለኤዲኤችዲ በሐኪም ከሚታዘዙት ወገን ነው። ስለዚህ "ስቅም ቀልቤ ይሰበሰባል" የሚለኝ ብዙ ሰው ነው፣ ውሸት አይደለም፣ ለጊዜው ይሰበሰባል። ከዚያ እንቅልፍ ይሄዳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ በማግስቱ ሀራራው ይመጣል፣ መርሳቱ እጥፍ ይሆናል። መጠኑን የሚለካ የለ፣ ደም ግፊትህን የሚያይ የለ። የታዘዘ መድኃኒት እየወሰዱ በላዩ መቃም ደግሞ ልብ ላይ መቀለድ ነው። ከሰው እጅ ክኒን መግዛትም እንደዚያው። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው በጣም ይጠቅማል፣ ግን ቁልፍህን የት እንዳስቀመጥክ አይነግርህም፣ መቆንጠጫው ያስፈልጋል አሁንም።


የድሮው_ጅማ፦ ሰኞ ጠዋት 12:50

ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ጫት አይደለም፣ ነገራችሁ ነው።

ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አባታችን ሐሙስ ገበያ ሂርማታ በአህያ ማር አስጭኖ ላከው። ማሩን ሸጠ፣ ብሩን በትክክል አመጣ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። አህያውን ግን እዚያው አስሮ በእግሩ መጣ። አባታችን "አህያው የት አለ?" ሲለው ዞሮ ኋላውን አየ፣ እየተከተለው እንደሆነ ሁሉ። ባለ ባጃጁ ኋላ መቀመጫውን ዞሬ አየሁት ስትል የሱ ፊት መጣብኝ።

ያን ቀን የተገረፈው ግርፍ። እኔም ሳቅኩበት። ሠፈሩ ሁሉ "አህያው" ብሎ ስም አወጣለት፣ በዚያው ስም ነው ከጅማ የወጣው። አሁን በሕይወት የለም።

የጫቱን ነገር ግን አልተውም። ትክክል ነኝ በዚያ።


የኪቶ_ልጅ፦ ሰኞ ጠዋት 2:40

ጋሼ 🙏

(ክፍል ውስጥ ነኝ፣ እየተማርኩ መሆን ነበረብኝ።) አንድ ነገር ልጨምር። ማንኛውም ዘዴ ለሦስት ሳምንት ይሠራልኛል፣ ከዚያ ዓይኔ ይለምደውና አላየውም። በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት አሁን ግድግዳ ሆኗል። መጀመሪያ ይኼ ሲሆን "አልሆነልኝም" ብዬ ሁሉንም እተወው ነበር። አሁን በየወሩ ቀለሙን ወይ ቦታውን እቀይራለሁ። ባለ ባጃጅ፣ ያንተ መቆንጠጫ እንዴት ሁለት ዓመት ቆየ?


ባለ_ባጃጅ_47፦ ሰኞ ቀን 7:10

ልጆቹ ናቸዋ። ወረቀት አይጮኽብህም።

ቀልብ የለሽ፣ ስለ ቡናው ሳስብ ነበር። አንቺም የሚጮኽብሽ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። ከቤት ስትወጪ እጅሽ ላይ ሰው የሚያየው ነገር ያዢ።


ቀልብ_የለሽ፦ ረቡዕ ማታ 1:55

ይኼን ክር ረስቼው ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ልጄ ነው "እማ፣ የባጃጁ ሰውዬ ምን አለ?" ብሎ ያስታወሰኝ።

ባለ ባጃጅ፣ ምክርህን ሞከርኩት። ሕግ አወጣሁ። ከሰል ላይ ነገር ካለ ማማሰያው ከእጄ አይወርድም። ስልክ ቢጠራ ማማሰያው አለ፣ በር ቢንኳኳ ማማሰያው አለ። ሰኞ በር የከፈትኩለት የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ልመታው መስሎት ወደ ኋላ አለ።

ዛሬ ከሰዓት እንደገና ቡና። አማቴ ነገ ሊሄዱ ነው፣ ከዚያች ከተረፈችው ቡና ላፈላላቸው ፈለግኩ። እየቆላሁ ስኳር የለም። (አዎ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የለም።) ማማሰያዬን ይዤ ወጣሁ። ሱቁ ጋ ስደርስ ባለሱቁ እጄን አይቶ "ቡና ጥደሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" አለኝ። "ወይኔ!" ብዬ ዞሬ ሮጥኩ። ፍሬው ልክ መንጣጣት ጀምሮ ነበር፣ ወዙ ወጥቶ፣ አውርጄ በሰፌድ አበጠርኩት፣ እንደዚያ ያማረ ቡና ቆልቼ አላውቅም።

ስኳሩን ግን አልገዛሁም።

እኔና ባለቤቴ ፊታችንን አጨማድደን ጠጣነው። አማቴ ስኒያቸውን አንስተው ሸተት አደረጉና ጨው አምጪልኝ አሉ። ድሮም በጨው ነው የሚጠጡት።